ባንዱ በገዛ ከተማው ሲቀርጽ

እንደምን ዋላችሁ። ከልምምድ ሰዓታችሁ ቀንሳችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው አንድ የሮክ ባንድ አዲስ አልበም ለመሥራት ሲነሳ ስለሚገጥመው ጥያቄ ነው። የት እንቅረጽ? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ያዙልኝ።

ብዙ ባንድ ይህ ጥያቄ ሲነሳ ዓይኑ የሚሄደው ሩቅ ነው። ትልቅ ከተማ ያምረዋል። ስመ ጥር ስቱዲዮ ያምረዋል። “እዚያ ነው የተቀረጸው” መባሉ ራሱ ክብር ይመስለዋል። በየሳምንቱ በበሯ የሚያልፋት የሰፈሩ ስቱዲዮ ግን ለሙከራ ቀረጻ ካልሆነ ለቁም ነገር የምትበቃ አትመስለውም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

እኔ የቆምኩት ለዚያች ቅርብ ስቱዲዮ ነው። ከነማስጠንቀቂያው ግን ነው። በከተማችሁ ስትቀርጹ ሁለት ትልልቅ ነገሮች ታገኛላችሁ። አንዱ የምታውቁት ክፍል ነው። ሌላው ጊዜ ነው። ክፍሉን እስከ መጨረሻው ተጠቀሙበት። ጊዜውን ግን እናንተው ገድቡት። ካልገደባችሁት አልበሙን ይበላባችኋል።

ከክፍሉ ልጀምር።

አየርላንዳዊው ባንድ ዩቱ የመጀመሪያ አልበሙን የሠራው በ1980 በገዛ ከተማው በደብሊን፣ ዊንድሚል ሌን በሚባል ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲውሰሩ ስቲቭ ሊሊዋይት ለድራሙ ሰፋ ብሎ የሚያስተጋባ ድምጽ ፈለገ። መቅረጫ ክፍሉ ይህን አልሰጠውም። ስለዚህ የላሪ መለንን ድራም አስወጥቶ እንግዳ መቀበያው ጋ፣ ደረጃው አጠገብ አስተከለው። ድምጹ እንደፈለገው ሆነለት። አንድ ችግር ብቻ ነበር። የእንግዳ መቀበያው ስልክ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ስለዚህ ተቀባይዋ ሥራ ጨርሳ ወደ ቤቷ እስክትሄድ ጠብቀው፣ ድራሙን ማታ ማታ ይቀርጹት ነበር።

ይህን ታሪክ የምወደው ሕንጻውን ሙሉ ስለሚያሳየን ነው። ስቱዲዮ ማለት በስፖንጅ የተለበጠው ክፍል ብቻ አይደለም። ኮሪደሩም፣ ደረጃውም፣ ዕቃ ማስቀመጫውም ስቱዲዮ ነው። እዚያው ከተማ የሚኖር ባንድ ማታ መቆየት ይችላል። ነገም ተመልሶ ይሞክራል። ለሁለት ቀን ተከራይቶ የገባ እንግዳ ግን መብራቱ እንደበራ ሰዓቱን ያያል።

ስለ ቤዝ ጊታር ደግሞ ልንገራችሁ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። ድምጽ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስታገናኟቸው አንድ ነገር ይወጣል። የክፍላችሁ ርዝመት 4 ሜትር ከ20 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ያ ኖታ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ልክክ ብሎ ይገጥማል። ያን ጊዜ ኖታው ያብጣል። ሌሎቹ ኖታዎች በልካቸው ሲመጡ እሱ ብቻ ክፍሉን ይሞላዋል። ቤዚስቱ እጁን ይጠራጠራል። ቀረጻውን የሚመራው የድምጽ ኢንጂነር ማይክ ይቀይራል። ጥፋቱ ግን የግድግዳው ነው።

አዲስ ስቱዲዮ ስትገቡ ይህን እስክትደርሱበት ግማሽ ቀን ይሄዳል። በምታውቁት ስቱዲዮ ግን “አምፑን፣ ድምጽ ማጉያውን፣ ከጥጉ አውጡት፣ ወደ መሐል ሳቡት” የሚል ሰው ቀድሞም አለ። ባለፈው ቀረጻ የት ጋ እንደተቀመጠ ያስታውሳል። አንዳንድ ኢንጂነር ወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት አድርጎበት ታገኙታላችሁ። ይህ እውቀት በገንዘብ አይገዛም። አንድን ክፍል ደጋግሞ በመስማት ብቻ የሚገኝ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ድራመሩ ስኔሯን፣ ስትመታ ጠንካራ ድምጽ የምትሰጠዋን ከበሮ፣ ብቻ ይያዝና በሕንጻው ውስጥ ይዙር። በየቦታው ቆሞ እኩል ኃይል ባለው ምት ይምታት። ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ። ጥግ ላይ ትወፍራለች። መጋረጃው ጋ ትደርቃለች። ሲሚንቶው ደረጃ ላይ ትሰነጥቃለች። ድራሙን የምትተክሉት ጆሯችሁ “እዚህ” ባለበት ነው። ሥዕሉ ላይ “የድራም ክፍል” ስለተባለ ብቻ አትትከሉት።

ክፍል ሁሉ ተአምር ይሠራል እያልኩ ግን አይደለም። ብላክ ኪስ የተባለው የሁለት ሰዎች ባንድ በ2004 ያወጣውን አልበም የቀረጸው በትውልድ ከተማው በአክሮን ኦሃዮ፣ በተተወ የጎማ ፋብሪካ ውስጥ ነው። አክሮን በጎማ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ከተማ ነበረች። አልበሙም ስሙን ከዚያው ወሰደ። ሰው ይህን ሲሰማ ልቡ ይሞቃል። እዚያ ሕንጻ ውስጥ መቅረጽ ግን አስቸጋሪ ነበር። ድምጹም አልገራላቸውም። አልበሙ ያማረው ሁለቱ ልጆች የሚጫወቱትን ስለሚያውቁ ነው። አይስላንዳዊው ሲገር ሮስ ደግሞ ከሬይክያቪክ ወጣ ብሎ፣ ሞስፌልስባየር ውስጥ ያለ አሮጌ የቤት ውስጥ መዋኛ ገንዳ ወደ ስቱዲዮ ቀየረ። በ2002 ያወጣውን አልበም አብዛኛውን እዚያ ሠራው። የእነሱ ሙዚቃ ዝግ ያለና ረጅም ስለሆነ ሰፊ ክፍል ይስማማዋል። ፈጣን ፓንክ የሚጫወት ባንድ እንደዚያ ባለ ቦታ ቢገባ ምቱ ሁሉ እርስ በርሱ ይደራረብበት ነበር። ክፍሉ ከዘፈኑ ጋር ይግጠም።

አሁን አብሮ ስለመጫወት ላውራ። ይህን ጉዳይ በጣም ነው የምወደው።

ዛሬ ብዙ አልበም የሚቀረጸው በቁርጥራጭ ነው። ድራመሩ ብቻውን ከክሊክ ጋር፣ በሄድፎን ከሚሰማ ምት ጠባቂ ድምጽ ጋር፣ ይመታል። ከሳምንት በኋላ ቤዚስቱ ይመጣል። ጊታሪስቱ ቤቱ ተቀምጦ ፋይል ይልካል። ድምጻዊው ባዶ ክፍል ውስጥ ለሄድፎን ይዘፍናል። ይህ አሠራር ሥራ ያቀላል። ብዙ ጥሩ አልበምም ወጥቶበታል። ነገር ግን የሮክን ባንድ ባንድ የሚያሰኘው አንዱ ሌላውን ሲሰማ የሚያደርገው ነገር ነው። አዝማቹ ሊገባ ሲል ድራመሩ በጣም በጥቂቱ ይፈጥናል። ቤዚስቱ ይከተለዋል። ጊታሪስቱ ያያቸውና እጁን ያከብዳል። ማንም ለማንም ምንም አላለም። እንዲህ ያለውን ነገር ክሊክ አይሰጣችሁም። በኋላ በኮምፒውተር ልጨምረው ብትሉም አይሆንም።

የምታውቁት ስቱዲዮ በጣም የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ቀረጻው ጀመረ ሲባል ሰው ይደነግጣል። በልምምድ ላይ እንደ ልቡ የሚሆነው ጊታሪስት ድንገት እጁ ይተሳሰራል። ሳቁ ይጠፋል። ክፍሉን የሚያውቅ፣ ኢንጂነሩን በስሙ የሚጠራ፣ ማታ በገዛ አልጋው የሚተኛ ሰው ግን ድንጋጤው ቶሎ ይለቀዋል።

በአንድ ክፍል አብሮ መጫወት የሚያስከፍለው ነገር አለ። የድራሙ ድምጽ ጊታሩ ማይክ ውስጥ ይገባል። ዘግይቶም ነው የሚገባው። ድምጽ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ከስኔሯ 3 ሜትር የራቀ ማይክ ምቷን የሚሰማት ከ9 ሚሊሰከንድ ገደማ በኋላ ነው። ሁለቱ ትራኮች፣ በየማይኩ ለየብቻ የተቀዱት ድምጾች፣ ሲደባለቁ የድምጹ ከፊል ይጠፋፋል። ያ ሁሉ ጉልበት የነበራት ስኔር የሳሳች ትመስላለች። መፍትሔው ማይኩን እየሰሙ ማንቀሳቀስ ነው። አንዳንዴ አንድ ክንድ ያህል መግፋት ይበቃል። የጊታሩን አምፕ ሌላ ክፍል አስገብቶ ተጫዋቹን ራሱን ድራመሩ ፊት ማቆምም ይቻላል። እኔ የምመርጠው ይህን ነው። አምፑ ይራቅ። ሰዎቹ ግን ዓይን ለዓይን ይተያዩ።

ድምጽ ከድምጽ ከተቀላቀለ በኋላ ጊታሪስቱ የሳታትን አንዲት ኖታ ለብቻዋ አውጥቶ ማስተካከል ያስቸግራል። ድራሙም አብሯት አለ። ወይ እንዳለች ትቀበሏታላችሁ፣ ወይ ሁላችሁም እንደገና ትጫወታላችሁ። ይህ ብዙ ሰው ያስፈራል። ለእኔ ግን ጥቅም ነው። ባንዱን እዚያው ያስወስነዋል። የገዛ ከተማው ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ባንድ ደግሞ ከምንም በላይ የሚያጣው መወሰንን ነው።

ወደ ጊዜው መጣን።

ስቶክፖርት ማንቸስተር አጠገብ ያለች የእንግሊዝ ከተማ ናት። እዚያ ስትሮውቤሪ የሚባል ስቱዲዮ ነበር። ከባለቤቶቹ አንዱ የቴን ሲሲ ባንድ አባል ኤሪክ ስቱዋርት ነው። ባንዱ በ1975 የወጣውን “አይም ኖት ኢን ላቭ” ሲሠራ ከዘፈኑ ጀርባ የሰው ድምጽ እንደ ደመና እንዲያንዣብብ ፈለገ። ትልቅ መዘምራን አልጠራም። ስቱዋርት ሌሎቹን ሦስቱን የባንዱን አባላት ማይክ ፊት አቁሞ አንድ ኖታ ይዘው “አ” እንዲሉ አደረገ። 16 ጊዜ ደጋገሙት። 3 ሰው በ16 ሲባዛ 48 ድምጽ ነው። ይህንኑ ለ13 ኖታዎች ሠሩት። 624 ድምጽ ሆነ።

ከዚያ የየኖታውን ቴፕ ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ገጣጠሙት። ቴፑ ሳያቋርጥ የሚዞር ቀለበት ሆነ። ሚክሰሩ ላይ እያንዳንዱ ፌደር አንድ ኖታ ሆነ። ከፍ ሲያደርጉት ኖታው ይመጣል፣ ዝቅ ሲያደርጉት ይሄዳል። ሚክሰሩን ራሱን መሣሪያ አድርገው በጣቶቻቸው ተጫወቱት። ዘፈኑ መሐል በሹክሹክታ የምትሰማዋ ሴት ደግሞ የስቱዲዮው ጸሐፊ ናት። ከሥራዋ ጠርተው ማይክ ፊት አቆሟት።

“አ” የሚሉትን ድምጾች መቅረጽ ብቻ 3 ሳምንት ወሰደ። በሰዓት እየከፈለ የሚቀርጽ ባንድ ይህን ሐሳብ አፉም ላይ አያመጣውም። እንዲህ ያለ ሙከራ የሚወለደው በሩ የራስ በሆነበት ቦታ ነው። ስለዚህ ጊዜ መጥፎ ነው አልልም። ጊዜ ውድ ነገር ነው።

ሁለቱንም ጎን የሚያሳይ ሌላ ታሪክ አለ። ቶም ሾልዝ በፖላሮይድ ኩባንያ መሐንዲስ ነበር። ቦስተን የተባለውን ባንድ ዘፈኖች ከከተማዋ አጠገብ ዋተርታውን ባለው ቤቱ፣ ምድር ቤት ውስጥ ይቀርጽ ነበር። ጊታሩንም፣ ቤዙንም፣ ኦርጋኑንም አብዛኛውን የተጫወተው እሱ ነው። ኢፒክ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ ሲያስፈርመው ዘፈኖቹ በባለሙያ ስቱዲዮ እንደገና ይቀረጹ አለ። ሾልዝ አልተዋጠለትም። ያንን ድምጽ ያገኘው በምድር ቤቱ ነው። ፕሮዲውሰሩ ጆን ቦይላን መላ ፈጠረ። የቀሩትን የባንዱን አባላት ይዞ ሎስ አንጀለስ ሄደ። ኩባንያው ሥራው ሁሉ እዚያ የሚሠራ መሰለው። ሾልዝ ደግሞ ምድር ቤቱ ገብቶ አብዛኛውን አልበም ጨረሰ። አልበሙ በ1976 ወጣ። በአሜሪካ ብቻ 17 ሚሊዮን ቅጂ ደርሷል።

እዚህ ላይ ብናቆም ደስ ባለን። ግን ቀጥሎ ያለው አለ። ሁለተኛው አልበም በ1978 ወጣ። ሾልዝ አስቸኩለውኝ ነው ሲል ቅሬታውን ተናግሯል። ሦስተኛውን ማንም እንዲያስቸኩለው አልፈለገም። ያ አልበም የወጣው በ1986 ነው። 8 ዓመት ሙሉ! በመሐል ከኩባንያው ጋር ፍርድ ቤት ተካሰሱ። የመጀመሪያውን አልበም ይዘው በየመድረኩ ከዞሩት 5 ሰዎች ሾልዝና ድምጻዊው ብራድ ዴልፕ ብቻ ቀሩ። አልበሙ አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ወጥቷል፤ ስለዚህ ሾልዝ ተሳሳተ ብዬ አልከራከርም። ነገር ግን ከመካከላችን 8 ዓመት የሚጠብቅ አድማጭ ያለው ማነው? 8 ዓመት አብሮ የሚቆይ ባንድስ?

የራስን ስቱዲዮ አደገኛ የሚያደርጋት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። “ነገ እንመለስበታለን።” ድምጻዊው ሁለተኛው ስንኝ አልጣመውም፤ ነገ እንመለስበታለን። የጊታሩ ቃና ጥሩ ነው፣ ግን ሌላ አምፕ ቢሞከርስ፤ ነገ እንመለስበታለን። ሩቅ ሄዶ የሚቀርጽ ባንድ ነገ ትኬት ቆርጧል። እናንተ ግን ነገም፣ ከነገ ወዲያም እዚያው ናችሁ። ደግሞ ከተማችሁ ስለሆነ ሁሉም ሰው ያገኛችኋል። ስልክ ይደወላል። ጓደኛ ብቅ ይላል። አንዱ ለጉዳይ ወጣ ብሎ በዚያው ይቀራል።

ድሮ ገደቡን የሚያበጀው መሣሪያው ነበር። 24 ትራክ የሚይዘው ባለ 2 ኢንች ቴፕ አንዱ ጥቅል 760 ሜትር ገደማ ነው። በሰከንድ 15 ኢንች ሲሮጥ 33 ደቂቃ ይይዛል። በ30 ኢንች ሲሮጥ 16 ደቂቃ ተኩል ብቻ። ባለ 5 ደቂቃ ዘፈን 3 ጊዜ ከቀረጻችሁ ጥቅሉ አለቀ። አራተኛውን ለመሞከር ወይ ሌላ ጥቅል ታመጣላችሁ፣ ወይ ከሦስቱ አንዱን ታጠፋላችሁ። ለማጥፋት ደግሞ ቁጭ ብሎ ማዳመጥና መወሰን የግድ ነው። ኮምፒውተር ይህን ግዴታ አነሳልን። ዛሬ የአንድ ዘፈን 40 ቴክ፣ 40 የቀረጻ ሙከራ፣ ይቀረጽና ማንም ሳያዳምጠው ፎልደር ውስጥ ይተኛል።

ፉ ፋይተርስ በ2011 ያወጡትን አልበም በዴቭ ግሮል መኖሪያ ቤት ጋራዥ ውስጥ፣ በቴፕ ነው የቀረጹት። ስቱዲዮ አጥተው አልነበረም። የራሳቸው ትልቅ ስቱዲዮ ነበራቸው። ፕሮዲውሰሩ በች ቪግም ዲጂታሉን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ነው። ጠበብ ያለውንና የሚያስገድደውን አሠራር መርጠው ገቡበት።

ቴፕ ግዙ እያልኩ አይደለም። ልማዱን ግን ውሰዱት። እኔ ብሆን ለአንድ ዘፈን ከ5 ሙሉ ቴክ በላይ አልፈቅድም። በ5 ካልመጣ ችግሩ ስቱዲዮው ውስጥ አይደለም። አሬንጅመንቱ፣ ማን መቼ ምን እንደሚጫወት የተቀናበረው፣ አልበሰለም ማለት ነውና ዘፈኑ ወደ ልምምድ ክፍል ይመለስ። የተመረጠው ቴክ የሚመረጠው እዚያው ቀን፣ ሁላችሁም ባላችሁበት ነው። ሌሎቹ ከዋናው ፎልደር ይውጡ። ስልክ ከክፍሉ ውጭ ይቀመጥ። መግቢያና መውጫ ሰዓት ይኑራችሁ፤ ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ሰዓት ይበልጥ ወሳኝ ነው። የደከመ ጆሮ ሁሉን ነገር ከፍ አድርጉት ይላል። ከፍ ያለው ጊታር ቤዙን ይሸፍናል፣ ቤዙ ይጨመራል፣ ድራሙ ይጨመራል፣ ጠዋት ስትመለሱ ዘፈኑ የት እንደገባ አይታወቅም።

አንድ ነገር ቀረኝ። እንግዳ ጆሮ።

ቅድም ያነሳሁት ሊሊዋይት እንግሊዛዊ ነው። የደብሊን ልጆች በየቀኑ የሚያልፉትን ደረጃ ለድራም ያጨው ከውጭ የመጣ ሰው ነው። የራሳችንን ቤት የምናውቀውን ያህል አንሰማውም።

በዚያው የስቶክፖርት ስቱዲዮ፣ የቴን ሲሲ ዘፈን ከወጣ ከ4 ዓመት በኋላ፣ ሌላ የአካባቢው ባንድ ገባ። ጆይ ዲቪዥን ነው። ቴን ሲሲ ለ“አ” ብቻ 3 ሳምንት የወሰዱበት ሕንጻ ውስጥ እነዚህ ልጆች በኤፕሪል 1979 በሦስት ተከታታይ ቅዳሜና እሑዶች ሙሉ አልበም ጨረሱ። ፕሮዲውሰሩ ማርቲን ሃኔት ነበር። ኢያን ከርቲስን አንዱን ዘፈን በስልክ መስመር አዘፈነው፤ ድምጹ ርቆ እንዲሰማ። የጠርሙስ ስብርባሪ ድምጽ አስገባ። የሕንጻውን ሊፍት ቀዳ።

የባንዱ ልጆች አልወደዱትም። በርናርድ ሰምነርና ፒተር ሁክ ቅር እንዳላቸው በግልጽ ተናግረዋል። መድረክ ላይ የሚያስጮሁት ከባድ ሙዚቃ ቀዝቅዞና ተራርቆ አገኙት። ከዓመታት በኋላ ግን ሁክ ራሱ የጆይ ዲቪዥንን ድምጽ የፈጠረው ሃኔት ነው ብሎ መስክሯል። ይህን የምለው ፕሮዲውሰር ያለውን ሁሉ ስሙ ለማለት አይደለም። ባንዱ በጥንካሬ መከራከር አለበት። የሚከራከረው ሰው ግን ያስፈልገዋል። ባንድ ብቻውን ሲሆን የሚከራከረው ስለ ጊታሩ ከፍታ ነው።

ፕሮዲውሰር ማምጣት ካልቻላችሁ ቢያንስ ማስተሪንጉን፣ አልበሙ ከመውጣቱ በፊት የሚደረገውን የመጨረሻ የድምጽ ማስተካከያ፣ ለሌላ ሰው ስጡት። ቀረጻውን ያላየ፣ ስቱዲዮውን የማያውቅ፣ ማን ስንት ሰዓት እንደለፋ የማይገደው ሰው ይሁን። ሚክሱን፣ የተደባለቀውን ዘፈን፣ በ24 ቢት ፋይል፣ ሊሚተር የሚባለውን የድምጽ ጣሪያ መገደቢያ ሳትጭኑበት፣ ከላይ ትንሽ ክፍተት ትታችሁ ላኩለት። “ይሄ የቤዝ ኖታ ለምን ያብጣል?” ብሎ ከጠየቃችሁ አትቀየሙት። ግድግዳችሁን ነው የሰማው። ከዚህ ሰው ጋር ቀጠሮ የምትይዙት ግን ቀረጻው ሲያልቅ አይደለም። የመጀመሪያው ማይክ ከመተከሉ በፊት ቀኑን ቁረጡና ክፍያውን ክፈሉ። ቀኑን ኮንትሮል ሩሙ፣ ኢንጂነሩ የሚቀመጥበት ክፍል፣ ግድግዳ ላይ በትልቁ ለጥፉት።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ከኋላ ካሉት እንጀምር።